ደሴ ላይ በአየር ፓምፕ የሚጠመቅ የኮምፖስት ሻይ ለምን ይሸታል?

ጦሳ ሥር

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የጓሮ ሰዎች። በአየር ፓምፕ የሚጠመቀው የኮምፖስት ሻይ (ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ተሕዋስያኑ እንዲበዙ አየር እየተነፋበት ለተክል የሚዘጋጀው ፈሳሽ) ሁለት ዙር ተበላሽቶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የኮመጠጠ፣ ቀጥሎ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አመጣ። የቱ ጋ እንደሳትኩ እንድታዩልኝ ያደረግኩትን በልኩ ላስቀምጥ።

ቦታው ደሴ ነው። ዕቃው ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ እስከ አፉ የተሞላ። ውሃው የቧንቧ ሲሆን በጀሪካን ያደረ ነው። ፓምፑ ለዓሣ ማሳያ መስታወት የሚሸጠው ትንሹ፣ ባለ ሁለት አፍ፣ 5 ዋት፤ የቱቦዎቹ ጫፍ ላይ የአየር ድንጋይ (አየሩን በደቃቅ አረፋ የሚበትነው) አለ። ኮምፖስቱ ከላም ፍግ፣ ከጤፍ ጭድና ከወጥ ቤት ትራፊ የተሠራ፣ 3 ወር የሞላው ነው። 1 ኪሎ ያህሉን በአሮጌ አጎበር ቋጥሬ ባልዲው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ለከብት ከሚሸጠው ሞላሰስ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ጨመርኩበት። ፓምፑን ከባልዲው አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጬ ከምሽቱ 12 ሰዓት አስነሳሁት። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር፤ ጠዋት ፓምፑ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

የምፈልገው ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ነው። ቲማቲሙ የታች ቅጠሎቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጀምሮታል።

ሽታው ከምን መጣ? በሞላሰሱ ፈንታ የጠላ አተላ ይሆናል? የሸተተውን አቅጥኜ ለአፈሩ ብሰጠው ጉዳት አለው?

እህታችሁ።

ቦርከና ዳር

እህቴ፣ በልኩ ስለዘረዘርሽው መልሱ እዚያው ጽሑፍሽ ውስጥ አለ። የሸተተው አየር አጥሮት ነው፤ አየር ያጠረው ደግሞ በዋናነት ምግቡ ስለበዛበት ነው። የመብራቱ መሄድ አባባሰው እንጂ ባይሄድም ይሸት ነበር።

ሂሳቡን ተመልከቺው። የሻይ ብርጭቆሽ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ ሞላሰስ ከውሃ ስለሚከብድ 200 ግራም ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፣ 100 ግራም እንበል። አንድ ግራም ስኳር ጨርሶ እስኪበላ ድረስ ከ1 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ይፈልጋል። ባልዲሽ ውስጥ ባለው 20 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ የሚሟማው ኦክስጅን ግን 0.15 ግራም እንኳ አይሞላም። ባክቴሪያው ስኳሩን ሁሉ አቃጥሎ አይጨርሰውም፣ ከፊሉን ለገላው ግንባታ ያውለዋል። እንደዚያም ሆኖ ፍላጎቱ ውሃው ከያዘው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱን ፓምፑ ከሰዓት ሰዓት መሙላት አለበት፤ 5 ዋቱ ፓምፕ ያን ያህል አቅም የለውም። አየር ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩት ተራ ይይዛሉ፤ መጀመሪያ አሲድና አልኮል (ኮምጣጣው ሽታ)፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (የእንቁላሉ ሽታ)። ያየሽው ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ተገልብጠው የሚመጡት የአጠማመቅ ልኮች አብዛኞቹ ለዝቅተኛ አገር የተጻፉ ናቸው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ስለሚቀንስ ያው ውሃ የሚይዘው 6.6 ገደማ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ላይ 7.3 አካባቢ ይሆናል። ጠማቂዎች ደግሞ ከ6 እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ። እንግዲህ ዝቅተኛ አገር ያለው ሰው 3 ሚሊ ግራም መፈናፈኛ ሲኖረው ደሴ ላይ ያለሽው አንቺ ከ1 በታች ነው ያለሽ። ደግነቱ ቀዝቃዛ ውሃ አየር የመያዝ አቅሙ ይሻላል፤ 15 ዲግሪ ላይ ደሴም 7.4 ይደርሳል። ስለዚህ ብርዱን አትጥዪው፣ ጥመቃው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ይጠቅምሻል።

ፓምፑን እንዲህ ለኪው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ባልዲው ውስጥ ገልብጠሽ ያዢ፣ የፓምፑን ቱቦ (ሁለት አፍ ከሆነ ሁለቱንም) ከሥሩ አስገቢና አየሩ ውሃውን ገፍቶ እስኪጨርስ ሰከንዱን ቁጠሪ። የአየር ድንጋዩን ሳታወልቂ፣ ቱቦው በሚሠራበት ጥልቀት ላይ ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለ ውሃ ጫና የተለካ ስለሆነ አይታመንም። በ20 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር አየር ይሰጣል ማለት ነው። ለደሴ ከፍታ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ በደቂቃ ግማሽ ሊትር አየር አስቢ፤ ቀጭን አየር ስለሆነ ነው ከተለመደው ከፍ ያደረግኩት። እንግዲህ 6 ሊትር አየር 12 ሊትር ውሃ ይችላል። 40 ሰከንድ ከፈጀ 6 ሊትር ውሃ ብቻ ጥመቂ። ባልዲው ጎደለ ብለሽ አትቆጪ።

ለ12 ሊትር ውሃ ልኩ እንዲህ ነው፦

ኮምፖስት 400 ግራም፣ ማለትም ሦስት የውሃ ብርጭቆ ሳይጠቀጠቅ። ሞላሰስ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ። በቃ። ሞላሰሱን ጨርሶ ብትተዪው እንኳ ጥሩ ኮምፖስት ራሱ የሚበላ ነገር ይዞ ይመጣል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን ዙር ያለ ሞላሰስ መጥመቅ ነው የምመክረው፤ አየሩ እንደሚበቃ ካረጋገጥሽ በኋላ ትጨምሪያለሽ።

ጊዜው በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ውሃው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ከሆነ 24 ሰዓት ይበቃዋል። ደሴ ክረምት ላይ ውሃው 13 ወይም 14 ላይ ከቆመ እስከ 36 ሰዓት ይሂድ። እንደ ባቲ ያለ ቆላ ላይ ከሆነ 18 ሰዓት ላይ ማሽተት መጀመር ያስፈልጋል። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው፤ አንድ ጎኑ ይሞቅና አየሩ ያልቃል።

ውሃውም ጉድለት አለበት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማደር ክሎሪኑን አያስወጣውም፤ መውጫ አላገኘም። በሰፊ ሳፋ ክፍቱን ይደር፣ ወይም ኮምፖስቱን ሳትጨምሪ ፓምፑን ባዶ ውሃ ላይ ሁለት ሰዓት አስነሺው። በውሃ አጋር የታከመ የመጠጥ ውሃ ከሆነማ ጭራሽ አትንኪው። በክረምት ከቆርቆሮ የሚወርደው የዝናብ ውሃ፣ የመጀመሪያው አቧራ ከታጠበ በኋላ፣ ከሁሉም ይሻላል።

ፓምፑ ውስጥ የገባው ውሃ፦ መብራት ሲቋረጥ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ በቱቦው ወደ ታች ይሳባል። ፓምፑ ምንጊዜም ከውሃው አፍ በላይ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ምስማር መትተሽ ስቀይው ወይም ወንበር ላይ አስቀምጪው። ይሄ ፓምፑን ብቻ ሳይሆን ሰውንም የሚያድን ነው፤ ውሃ የገባበት ፓምፕ ሶኬት ላይ እንዳለ አይነካም፣ መጀመሪያ ይነቀል። ፈትተሽ አድርቂው፤ ውስጡ አየሩን የሚገፋው ላስቲክ ካልተቀደደ ይሠራል።

አተላውን እርሺው። እርሾና አሲድ የሞላበት ነው፣ አየሩን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ክምሩ ላይ ከጭድ ጋር ቀላቅለሽ ድፊው፤ ለኮምፖስት ግሩም ነገር ነው። ማር የሚጨምሩም አሉ፤ ማር ራሱ ተሕዋስያን የሚገታ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

የሸተተውን ለተክል አትስጪ፣ አቅጥነሽም ቢሆን። አልኮሉና አሲዱ ጭራ ሥሩን ያቃጥላል። እሱንም አዲስ በምትከምሪው ክምር ላይ ድፊው፣ ደረቅ ጭድ አልብሺው።

ገራዶ

ቦርከና ዳር ስለ አየሩ የጻፈው ተሟልቷል። እኔ ስለ ኮምፖስቱ ልጨምር፤ ሻይ ውስጥ የሚበዛው ኮምፖስቱ ውስጥ የነበረው ነገር ነውና።

ልጄ፣ የ3 ወር ኮምፖስት ደሴ ላይ በስሎ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በወራት አይቆጠርም። አንድ እፍኝ አርጥበሽ በላስቲክ ከረጢት አየር ሳይኖረው ቋጥሪና 3 ቀን ቤት ውስጥ አስቀምጪው። ስትፈቺው የዝናብ አፈር ከሸተተ በስሏል። አሞኒያ ወይም ኮምጣጣ ከሸተተ ይመለስ፣ ይገላበጥ፣ ይክረም። ሁለተኛ ፈተና፦ ግማሽ ኮምፖስት ግማሽ አፈር ቀላቅለሽ አምስት ስድስት ፍሬ ባቄላ ዝሪ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቅጠሉ ከተጠቀለለና ግንዱ ከተጠማዘዘ ጭዱ አረም ማጥፊያ ከተረጨበት ማሳ የመጣ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። እንደዚያ ያለው ለሻይም ለቲማቲምም አይሆንም፤ ቲማቲም በዚህ ነገር ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው።

የላም ፍግ ውስጥ ሰውን የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ። የዶሮ ኩስ ይብሳል። የሚገድላቸው የክምሩ ሙቀት ነው። በክምር ለሚሠራ ኮምፖስት የታወቀው ልክ ከ55 ዲግሪ በላይ ለ15 ቀን፣ በዚያ መሐል 5 ጊዜ እየተገላበጠ፣ የውጪው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ክምሩ ከ1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካነሰ በደሴ ብርድ ያን ሙቀት አይዝም። ቴርሞሜትር ከሌለ የብረት ዘንግ እስከ መሐሉ ሰክተሽ ሩብ ሰዓት አቆይተሽ አውጪና ጨብጪው፤ እጅሽ መታገሥ ካልቻለ ደርሷል። ለብ ካለ አልደረሰም።

ሞላሰሱ ያለው አደጋ ከሽታም ያልፋል። ኮምፖስቱ ውስጥ ጥቂት ኢ ኮላይ ቀርቶ ከነበረ፣ ያለ ስኳር ሲጠመቅ ብዙም አይነሳም። ሞላሰስ ሲጨመር ግን እንደገና ይራባል፤ ይህ በቤተ ሙከራ ተደጋግሞ የታየ ነው። አየሩ በቂ ቢሆንም ይራባል፣ ምክንያቱም እሱ አየር ቢኖርም ባይኖርም የሚኖር ነው። ስለዚህ ሰላጣና ሌላ ጥሬውን የሚበላ ነገር ላይ በቅጠሉ አትርጪ። ለሰላጣ ከፈለግሽ ችግኙ ሲተከል አንድ ጊዜ ለአፈሩ፣ ያውም ያለ ሞላሰስ የተጠመቀውን። ቆስጣ ተቀቅሎ የሚበላ ቢሆንም የሚቆረጠው ቅጠሉ ስለሆነ እሱንም ከሥሩ ማጠጣቱ ይሻላል።

አጎበሩን በተመለከተ፣ ለወባ መከላከያ የሚሰጠው አጎበር ክሩ ውስጥ የተባይ ማጥፊያ አለው። ባክቴሪያውን ባይገድል እንኳ አፈር ውስጥ ላሉት ትንንሽ ነፍሳት ደግ አይደለም። የስስ መጋረጃ ጨርቅ ወይም የናይለን ስቶኪንግ ተጠቀሚ። ነጠላ ደግሞ ድሩ ጥቅጥቅ ስለሚል ፈንገሱንና ትላልቆቹን ተሕዋስያን አያሳልፍም። ከረጢቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ የተጠቀጠቀ ኮምፖስት መሐሉ አየር አያገኝም፣ ሽታው ከዚያ ሊጀምር ይችላል። የአየሩ ቱቦ አንዱ ከከረጢቱ ሥር ይሁን።

የትል ኮምፖስት ካገኘሽ እሱን ምረጪ። ትሎቹ የሚበሉት ፍግ ግን አስቀድሞ በክምር ሞቆ ያለፈ መሆን አለበት፤ የትል ሳጥን ራሱ አይሞቅም።

ጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ። ጠርሙሱን ለካሁት፣ 2 ሊትሩን ለመሙላት 31 ሰከንድ ፈጀ፤ ስለዚህ 8 ሊትር እንኳ አይሞላልኝም። ኮምፖስቱንም በላስቲክ ከረጢት ቋጥሬ አስቀምጫለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ቢሄድ ምን ላድርግ? ክረምት ላይ ዝናብ ሲከብድ አይቀርም። ሌላው፣ ቱቦው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ የሚተካ የት ይገኛል?

ቦርከና ዳር

31 ሰከንድ በደቂቃ ወደ 3.9 ሊትር ነው፤ 7 ሊትር ተኩል ውሃ አድርጊው። ግን አስቀድሞ ድንጋዮቹን አውልቀሽ ደግመሽ ለኪ። ሁለት ዙር የሸተተ ሻይ ውስጥ የቆየ የአየር ድንጋይ ቀዳዳው በአተላ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ድንጋይ 22 ሰከንድ ቢመጣ ጥፋቱ የሱ ነው። እንዲያውም ለዚህ ሥራ ድንጋይ አያስፈልግም። የቱቦውን ጫፍ በምስማር ሠክተሽ ዝጊና የመጨረሻውን 15 ሳንቲ ሜትር በመርፌ ብሺው፣ ከባልዲው ወለል ላይ ዞሮ ይተኛ። አረፋው ይተልቃል፣ ግን ውሃውን ከሥር ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ለመታጠብም ቀላል ነው።

ቱቦ ካጣሽ አዲስ የጉሉኮስ ላስቲክ ከመድኃኒት ቤት ግዢ። ትንሽ ስለሚጠብ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ሲለሰልስ የፓምፑ አፍ ላይ ግፊው። መቆጣጠሪያ ጎማዋን አውልቂያት። ያገለገለ የጉሉኮስ ላስቲክ በፍጹም አይነካም። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ይቀንሳል፤ ከገጠምሽው በኋላ በጠርሙሱ እንደገና ለኪ።

መብራት ሲሄድ ሞላሰስ የበዛበት ሻይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አየሩን ሊጨርስ ይችላል፤ ያለ ሞላሰስ የተጠመቀው ረዘም ይላል። በቅርብ ካለሽ ሁለት ባልዲ አዘጋጅተሽ ከአንድ ሜትር ያህል ከፍታ ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጪ፣ ቡና እንደሚበርደው ሳይሆን በኃይል፣ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከመሰለሽ ግን አትታገዪ፤ ሳይሸት አውጥተሽ ለአፈሩ ስጪው። የ14 ሰዓት ሻይም ሻይ ነው።

በዩ ኤስ ቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለ፣ ከ1 እስከ 1.5 ዋት የሚበላ። 10,000 ሚሊ አምፔር የሆነ ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሙሉ ያንቀሳቅሰዋል። አየሩ ትንሽ ነው፣ ብቻውን ሦስት ሊትር ውሃ ይችል ይሆናል፤ እንደ ተጠባባቂ ግን በቂ ነው።

ደግሞም የማስነሻ ሰዓትሽን ቀይሪው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጀመርሽ ምግቡ በብዛት የሚበላበት ጊዜ አንቺ የተኛሽበት ሌሊት ላይ ይወድቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስነሽው፤ የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት እያየሽው ትውያለሽ፣ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም አመሻሹ ላይ ታጠጫለሽ።

ሐይቅ ጓሮ

ከልቤ የምለው ነገር አለ፣ ቅር እንዳትሰኙ። ለአራት አምስት መደብ ጓሮ ይሄ ሁሉ ድካም አስፈላጊ አይመስለኝም። ፓምፕ፣ መብራት፣ ሞላሰስ፣ ሁሉም የመበላሻ በር ነው። ተሕዋስያኑ ኮምፖስቱ ውስጥ አሉ፤ ሥራው አላቅቆ ወደ አፈሩ ማድረስ ነው።

ያለ ፓምፕ እንዲህ ይደረጋል። ክሎሪኑ የወጣ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ። 1 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት በስስ መጋረጃ ጨርቅ ቋጥሪና ውሃው ውስጥ ነክረሽ ልብስ እንደሚታሸው እሺው፣ ለ5 ደቂቃ። ውሃው የጠቆረ ቡና ሲመስል በቃ። ጨምቀሽ አውጪ፣ እዚያው በዚያው አጠጪ። ተሕዋሱ አልተመገበም፣ ስለዚህ አልተራባም፤ ስላልተራባ አየሩን አይጨርስም። ኢ ኮላይም የሚራባበት ጊዜ አያገኝም። በከረጢቱ የቀረው ኮምፖስት አልባከነም፣ መደቡ ላይ በትኚው።

የሚጠመቀው ሻይ የሚሻልበት ቦታ የለም አልልም። ኮምፖስቱ ጥቂት ሆኖ ብዙ ቦታ ማዳረስ ሲፈለግ፣ ወይም ቅጠል ላይ ተጣብቀው የሚቀሩ ተሕዋስያን ሲፈለጉ ጥመቃው ያበዛቸዋል። ግን ጥናቶቹ በአንድ ድምፅ አይናገሩም፤ አንዱ ቦታ በሽታ ቀነሰ ይባላል፣ ሌላው ቦታ ከተራ ውሃ አልተለየም። ምክንያቱም ሁለት ባልዲ ሻይ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ሁለቱም ቢሆኑ ማዳበሪያ አይደሉም። 8 ሊትር ሻይ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ለአንድ ቲማቲም እንኳ አይበቃም። ሆድ የሚሞላው በካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ኪሎ ኮምፖስት አፈሩ ላይ ሲበተን ነው፤ በተለይ ዋልካ አፈር ላይ ሻይ ብቻ ማፍሰስ አፈሩን አይከፍተውም።

ቦርከና ዳር

ሐይቅ ጓሮ፣ ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ ከግማሽ በላዩ እውነት ነው። ሰላጣው ላይና መብራት በማይታመንበት ሳምንት ያንተ መንገድ ይሻላል። የምለይብህ አንድ ቦታ ነው፦ አሽቶ ማውጣት ኮምፖስቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ያውም 10 ሊትር ለማግኘት 1 ኪሎ ትጠይቃለህ። የትል ኮምፖስት ከባለቤቱ በስኒ እየለመነ የሚወስድ ሰው 200 ግራሙን ጠምቆ ቢያበዛው ይቀለዋል።

ስለ ዕጥበት ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። ሻዩ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ባልዲውና ቱቦው ይታጠብ። ግድግዳው ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ ልባስ ለሚቀጥለው ዙር የሽታ እርሾ ነው። በሳሙና ፈግፍጊ፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ5 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቂ፣ ፀሐይ ላይ ድፊው። በረኪናውን ከኮምጣጤ ጋር አንድ ላይ አትጠቀሚ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቱቦው ውስጥ በፓምፑ አየር ንፊበት እስኪደርቅ።

አረፋ ብዙ ቢነሳ ጥሩ ሆነ ብለሽ አትደሰቺ፣ ባይነሳም አትዘኚ። አረፋ ሞላሰስና ፕሮቲን መኖሩን ነው የሚናገረው። ከባልዲው ከፈሰሰ ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ያበርደዋል። ዳኛው አፍንጫሽ ነው፤ ከዝናብ በኋላ የሚሸት አፈር ከሸተተሽ ደርሷል፣ የሞላሰሱ ጣፋጭ ሽታ ገና ካለ ምግቡ አላለቀምና ጥቂት ሰዓት ጨምሪለት። ፓምፑ ከቆመ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ አጠጪው፤ በጠርሙስ ዘግቶ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

ጦሳ ሥር

ለተክል ስንት ይደርሳል? በመርጫ ፓምፕስ ይቻላል? ቲማቲሙ ላይ ያለው ነጠብጣብ ክብ ክብ ነው፣ ውስጡ እንደ ዒላማ መስመር መስመር አለው።

ገራዶ

ከመርጫው ልጀምር። ከዚህ በፊት አረም ማጥፊያ የገባበት ከሆነ ታጥቦም አይታመንም፤ በተራ ውሃ ማጠጫ ይሁን። ንጹሕ ከሆነ ሻዩን በስስ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልይው፣ የአፍንጫው ደቃቅ ወንፊት ይውጣ፣ ጉሙ ሳይሆን ጠብታው ከፍ እንዲል አስተካክይው። የሚረጨው ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ ወይም ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠል ላይ ያረፉትን ይገድላቸዋል። ዝናብ ሊመጣ ከሆነ አትልፊ።

ለአፈር አንድ እጅ ሻይ በአራት እጅ ውሃ አቅጥነሽ ለአንድ ቲማቲም ወይም ቃሪያ 1 ሊትር፣ ከግንዱ አንድ ጣት ራቅ አድርገሽ፣ አስቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ። ደረቅ አፈር ላይ ከፈሰሰ በስንጥቁ ይወርዳል። ማቅጠኛውም ውሃ ክሎሪን የሌለው ይሁን፣ አለዚያ በመጨረሻዋ ደቂቃ የደከምሽበትን ትገድያለሽ። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ይበቃል። 7 ሊትር ተኩሉ ሲቀጥን ወደ 37 ሊትር ስለሚሆን ለሠላሳ ምናምን ግንድ ይደርሳል።

ነጠብጣቡ እንደ ዒላማ ክብ በክብ ከሆነና ከታች ቅጠል ከጀመረ፣ አልተርናሪያ በሚባል ፈንገስ የሚመጣው በሽታ ይመስላል። ሻይ አያድነውም፤ ማንም ያድናል ቢልሽ አትመኚ። የተነካኩትን ቅጠሎች በደረቅ ሰዓት ቁረጪ፣ ክምሩ ላይ ሳይሆን ቅበሪያቸው ወይም አቃጥያቸው። ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል አንሺ፣ ግንዱን በእንጨት ደግፊ፣ ሥሩን በደረቅ ጭድ አልብሺ፤ ፈንገሱ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ዝናብ አፈሩን ሲረጨው ነውና። ውሃ ቅጠሉ ላይ አታፍስሺ። የሚመጣው ዓመት ቲማቲም በዚያው መደብ አይመለስ፣ ድንችም እንደዚሁ፤ ባቄላ ወይም ጎመን ይተካው።

ነጠብጣቡ ግን ውሃ የጠጣ የመሰለ ግራጫ ሆኖ፣ ጠዋት ላይ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ ካየሽ ሌት ብላይት የሚባለው ቲማቲምንና ድንችን የሚያጠፋ በሽታ ነው። ያ ደግሞ በደሴ ክረምት በቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሰዋል፤ ሻይ እየጠመቅሽ አትጠብቂ፣ የተያዘውን ግንድ በዚያኑ ቀን ንቀይ፣ ጎረቤት ድንች ካለውም ንገሪው።

ጦሳ ሥር

ዒላማው ነው፣ ነጭ ጥጥ የለውም። የታቹን ዛሬ አነሳለሁ። ከረጢቱን በሦስተኛው ቀን ፈትቼ ሽታውን እጽፍላችኋለሁ፤ አፈር ካልሸተተኝ ጥመቃውን ትቼ ክምሩን እገለብጣለሁ።